ለክረምቱ ጎርፍ የሚደርሰው መኪና በበጋ ይሰናዳ!

ጎርፍ የተፈጥሮ ክስተት ነው፤ በጎርፍ ምክንያት የሰው ሕይወት መጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የተፈጥሮ ሥራ ብቻ አይደለም። ዝናብን ማዘዝ አይቻልም፤ ዝናቡ ከመውረዱ አስቀድሞ ማን ምን ማሰናዳት እንዳለበት መወሰን ግን በተደራጀው ሠራተኛና ነዋሪ እጅ ያለ ጉዳይ ነው። ዛሬ የምናነሣው ነገር ላይ ላዩን ሲታይ የጋራዥ ጉዳይ ይምሰል እንጂ በመሠረቱ የወገን ሕይወት ጉዳይ ነው። ይኸውም ወንዝና ጭቃ እንዲሻገሩ ተብለው የተሠሩ፣ በሁሉም ጎማቸው የሚጎትቱ ወታደራዊ የጭነት መኪናዎች ለቆላው ሙቀትና ለጎርፍ ዕርዳታ ተሻሽለው እንዲሰናዱ፣ ሥራውም በአቃቂ ቃሊቲ ሠራተኛ እጅ እንዲከናወን የሚጠይቅ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ የመዲናዪቱ ደቡባዊ ጫፍ ብቻ ሳትሆን የውሃዋም መውረጃ ናት። ከገፈርሳ በኩል የሚነሣው ትንሹ አቃቂና ከለገዳዲ በኩል የሚወርደው ትልቁ አቃቂ የከተማዋን ኮረብታና ሸለቆ አካልለው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚገቡት በእኛው አካባቢ አልፈው ነው። በመሆኑም በእኛ ሰማይ ላይ ደመና ሳይታይ በእንጦጦ ግርጌ የወረደው ዝናብ ወንዞቻችንን ሊሞላ ይችላል። በላይኛው ከተማ የሲሚንቶና የአስፋልት ወለል እየሰፋ በሄደ መጠን መሬት የሚመጠው ውሃ ያንሳል፤ ወደ ወንዝ የሚንደረደረው ይበዛል። ግድቦች ሞልተው ትርፉ ውሃ በሚለቀቅበት ጊዜ በታችኛው ተፋሰስ የሚኖረው ሕዝብ እንዲጠነቀቅ የሚነገረውም ለዚሁ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወረደው ድንገተኛ ጎርፍ የሰው ሕይወት መቅጠፉ ከቶ አይረሳም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአበው አነጋገር ለእኛ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን የየክረምቱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው ውሃ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ቆቃን አልፎ ወደ አፋር ምድር ይገሠግሣል። ስለዚህ የአቃቂ ነዋሪና የአፋር አርብቶ አደር በአንድ ውሃ የተሣሠሩ ወገኖች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ከአፉ ወጥቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቀየው አፈናቅሏል። ከዚያ ቀደም ሲል በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ድሬዳዋን ሰብሮ በመግባት ከ250 በላይ ሰዎችን ፈጅቷል፤ ከአንድ ሳምንት በኋላም ኦሞ ሞልቶ በታችኛው ሸለቆ ከ360 በላይ ወገኖችን ወስዷል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በጋምቤላ ባሮ፣ በ2016 ዓ.ም. የመኸር ወራት በሶማሌ ክልል ዋቢ ሸበሌ ያደረሱት ጥፋትም የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው።

እነዚህን የጥፋት ቦታዎች በአንድ ካርታ ላይ ላሰፈረ ሰው አንድ ሐቅ ጎልቶ ይታያል። የአገራችን ከባድ ጎርፍ የሚተኛው በአብዛኛው በቆላ ነው። ዝናቡ በደጋ ይወርዳል፤ ውሃው ሜዳውን የሚያለብሰው ግን ፀሐይ በምታቃጥልበት ዝቅተኛ ምድር ነው። እንግዲህ ለጎርፍ ዕርዳታ የሚሰማራ መኪና ሁለት ባላጋራዎችን በአንድ ጉዞ መግጠም አለበት ማለት ነው። አንደኛው ሙቀት፣ ሁለተኛው ውሃ ነው። ለአንዱ ብቻ የተሰናዳ መኪና በሌላው ይሸነፋል።

በአገራችን ያሉት አሮጌ ወታደራዊ መኪናዎች ከየት እንደመጡ ማስታወስ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ከተፈረመው ወታደራዊ ስምምነት በኋላ ለሠራዊቱ የአሜሪካ ሥሪት መኪናዎች ገቡ። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ተራው የሶቪየቶቹ የዚል፣ የኡራልና የጋዝ መኪናዎች ሆነ። እነዚህ መኪናዎች ብርቱዎች መሆናቸው አያጠያይቅም። ለምሳሌ ዚል 131 እስከ 1.4 ሜትር ጥልቀት ያለውን ውሃ እንዲሻገርና ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ የጎማውን አየር እንዲቀንስና እንዲጨምር ሆኖ የተቀረጸ ነው። ይሁን እንጂ የነደፏቸው መሐንዲሶች በዐይነ ኅሊናቸው ያዩት በቅድሚያ የራሳቸውን ምድር ነው። በሶቪየቶቹ ላይ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የሚያሞቀው መሣሪያ፣ እንዲሁም ብርድ እንዳይገባ ራዲያተሩን የሚጋርደው መዝጊያ የተገጠመው ለክረምተ በረዶ እንጂ ለአሳይታ ሐሩር አይደለም። ለሞቃት አገር ተብለው የተለዩ ሥሪቶች ቢኖሩም፣ አንድ መኪና በዕድሜው ብዛትና በተደጋጋሚ ጥገና ምክንያት ያን ልዩነቱን ያጣል። ስለሆነም የተላከልንን እንደተላከ ከመንዳት ለገዛ ምድራችን አስማምተን መሥራት የእኛው ፋንታ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የታየው ትምህርት ይህንኑ ያጠናክራል። በዚያ ዓመት የእህል ዕርዳታ ከዓለም ዙሪያ ሲጎርፍ፣ ሶቪየት ኅብረት 300 የጭነት መኪናዎችን፣ 12 የጭነት አውሮፕላኖችንና 24 ሄሊኮፕተሮችን ልካ ነበር። ሆኖም እህሉ ወደብ ላይ ተከምሮ ሳለ ወገን በረሃብ ያለቀበት አንዱ ዐቢይ ምክንያት የማጓጓዣ እጥረት ነበር። እህል መኖሩ ብቻ ነፍስ አያድንም፤ እህሉን የሚያደርስ ጎማ ያስፈልጋል። መኪና መኖሩ ብቻም አይበቃም፤ ያ መኪና መለዋወጫ፣ ጎማና የሠለጠነ መካኒክ ከሌለው በመንገድ ዳር የቆመ ብረት ይሆናል። ከውጭ የሚመጣ ዕርዳታ በምስጋና ይወሰዳል፤ ዕርዳታውን ተሸክሞ ወደ መንደር የሚገባው ኃይል ግን ከገዛ ላባችን መውጣት አለበት።

እንግዲህ ማሻሻል ማለት ምን ማለት ነው? ነገሩን ከጋራዡ ቋንቋ ሳንርቅ እንየው። በመጀመሪያ ሙቀትን እናንሣ። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ውሃም በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። መኪናው ከዚህ ተነሥቶ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርስበት ቆላ ሲገባ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው አየር ራሱ የሚያቃጥል ይሆንበታል። ስለዚህ አሸዋና ደለል የደፈነው ራዲያተር ተፈትቶ መጠረግ፣ ቢቻል በሰፊ ራዲያተር መተካት አለበት። ግፊቱን መያዝ ያቃተው የራዲያተር ክዳን መለወጥ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ግፊቱን የጠበቀ ክዳን ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ዋጋው ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባለው ይህ ክዳን ቸል ቢባል ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ቴስታታ ይጣመማል፤ የዕርዳታው ጭነትም መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተሩ ሞቀ ተብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም የተለመደ ቢሆንም ፈውስ አይደለም። ያ ሞተር ወደ ደጋ ሲመለስ ከሚገባው በላይ ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ቶሎም ያልቃል። የላሉ ቺንጋዎች፣ በሙቀት የደረቁ የጎማ ቱቦዎች፣ ዕድሜያቸው ያለፈ ቅባቶች ሁሉ ከክረምቱ በፊት መለወጥ ያለባቸው ናቸው።

የቤንዚን ሞተር ጉዳይ ለብቻው መታየት ይኖርበታል። ቀደም ያሉት ዚልና ኡራል በቤንዚን የሚሠሩ ነበሩ። ቤንዚን በከፍታና በሙቀት ውስጥ ገና በቱቦው ሳለ ስለሚተን ሞተሩን ያንቃል። ከዚህም በላይ ኡራል 375 በ100 ኪሎ ሜትር ከ50 ሊትር የማያንስ ቤንዚን የሚጨርስ ነው። አምራቾቹ ራሳቸው ይህን ተረድተው እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በኡራል 4320 ላይ የናፍጣ ሞተር ገጥመዋል። አሜሪካኖችም ኤም 35 የተባለውን የቆየ መኪናቸውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አልጣሉትም። ሻንሲውን ጠብቀው አዲስ የናፍጣ ሞተር፣ አዲስ ካንቢዮና አየሩ ከውስጥ የሚስተካከል ጎማ በመግጠም ዕድሜውን አራዝመውታል። አሮጌ መኪናን ማደስ የድሃ አገር ብልሃት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ይህ ምሳሌ በቂ መልስ ይሰጠዋል።

ወደ ውሃው እንለፍ። ሞተር አየር ሲስብ ውሃ ከሳበ አለቀለት ማለት ነው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ ቢዬላው ይጣመማል። ስለዚህ የአየር መሳቢያው ቱቦ ከኮፈኑ በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ መዘርጋት አለበት። ከዚህ ያነሰ የማይመስል ሌላም ስውር አደጋ አለ። በረጅም ጉዞ የጋለ ዲፈረንሺያል በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ በተኮማተረም ጊዜ በማኅተሞቹ በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ሾፌሩ በዚያን ቀን አንዳች አይታወቀውም። ከቀናት በኋላ ግን ዘይቱ ወተት መስሎ ይገኛል፤ ኩሽኔታውና ጥርሱ ይበላል። መፍትሔው የዲፈረንሺያሉንና የካንቢዮውን መተንፈሻ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ መውሰድ ነው። ይህ ሥራ ቱቦ፣ ማሠሪያና አንድ ታታሪ መካኒክ እንጂ የውጭ ምንዛሪ ክምር አይጠይቅም። ከውሃ የወጣ መኪና ፍሬኑ እስኪደርቅ ድረስ በዝግታ ሊነዳ፣ ዘይቱ ሊታይ፣ ግራሶው ሊታደስ እንደሚገባም የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ሙቀቱና ውሃው እርስ በርስ የሚጣረሱበት አንድ ነጥብ አለ። ለሙቀት ሲባል ትልቅና ፈጣን የራዲያተር ማራገቢያ ያስፈልጋል። ያው ማራገቢያ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲሽከረከር ግን ክንፉ ተጣምሞ ራዲያተሩን ይቀዳል፤ ውሃውንም በሞተሩ ላይ ይረጫል። ስለዚህ በቆላ የሚያድነን መሣሪያ በጎርፍ ይገድለናል። ይህን ቅራኔ የሚፈታው ሾፌሩ ሲፈልግ የሚያላቅቀው፣ ሲፈልግ የሚያያይዘው ማራገቢያ መግጠም ነው፤ ይህ ባይገኝ ውሃው ዳር ቆሞ ቺንጋውን ማላላት ነው። ለሙቀቱ ብቻ ወይም ለውሃው ብቻ ማሰብ የማያዋጣበት ምክንያት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሊሆን አይችልም። የአገራችንን ሁኔታ ከራሱ ከአገሩ ተነሥቶ መመርመር ያስፈልጋል የምንለውም ስለዚህ ነው።

ይህ ሲባል ግን የተሻሻለ መኪና ያለው ሁሉ ወንዝ ውስጥ ይግባ ማለት አይደለም። በመመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የመሻገሪያ ጥልቀት ለረጋ ውሃ እንጂ ለሚነጉድ ጎርፍ አይደለም። 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚሆን ፈሳሽ ውሃ ብዙ የቤት አውቶሞቢሎችን ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው አብዛኛውን ተሽከርካሪ ጠርጎ ይወስዳል። ከባድ መኪና ከእነዚህ የተሻለ ቢቋቋምም ከጎርፉ ሥር ያለው መንገድ መሸርሸሩንና አለመሸርሸሩን ማንም ሾፌር ከወንበሩ ሆኖ ሊያይ አይችልም። በመሆኑም የጎርፍ ሾፌር ሥልጠና ግማሹ እንዴት እንደሚገባ፣ ግማሹ መቼ እንደማይገባ ማስተማር ይሆናል። መኪና በማይደርስበት ቦታ ጀልባ ይደርሳል፤ ጀልባውን እስከ ውሃው ዳር ተሸክሞ የሚያደርሰው ደግሞ ያው በጭቃ የማይያዝ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለችው ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ባጥለቀለቀች ጊዜ ከፍ ያለ ሻንሲ ያላቸው ወታደራዊ መኪናዎች፣ ጀልባዎችና ሄሊኮፕተሮች ተደጋግፈው የሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

አዲስ መኪና መግዛት አይሻልምን? የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሻንሲው የተሰነጠቀ፣ ባሌስትራው የደከመ፣ ዝገት የበላው መኪና ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ቁጠባ ሳይሆን ብክነት ነው። እንዲህ ያለው በሥርዓት ተፈትቶ ደኅና ዕቃው ለሌላው መለዋወጫ ይሁን። ነገር ግን ሻንሲው ጤናማ የሆነ መኪና ሁሉ ቆጥ ላይ ወጥቶ ሣር እንዲበቅልበት መተው የሕዝብን ሀብት መግደል ነው። የቆየው መኪና አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ኮምፒዩተር ሳይጠይቅ በቁልፍና በካቻቢቴ በየመንገዱ ይጠገናል። ስለዚህ ፍርዱ በስሜት ሳይሆን በምርመራ ይሰጥ። እያንዳንዱ መኪና ይፈተሽ፤ የማሻሻያው ወጪና ከማሻሻያው የሚገኘው አገልግሎት ጎን ለጎን ይጻፍ፤ የሚታደሰው ይታደስ፤ የማይድነው ይፈታ።

ይህን ሥራ ለማከናወን አቃቂ ቃሊቲ የበቃች ናት። ቀድሞ የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ይባል የነበረው፣ በ2002 ዓ.ም. በተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር ከገባ በኋላ አቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ የተባለው ፋብሪካ ብረት አቅልጦ፣ ቀጥቅጦና ቆርጦ መለዋወጫ እንዲሠራ የተቋቋመው በዚሁ ምድር ነው። በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉት ጋራዦች የፊያት ኤን ትሬን ዘመን ያዩ፣ ከጣሊያንኛ የተወረሰውን የሙያ ቋንቋ ለልጆቻቸው ያስተላለፉ አንጋፋ መካኒኮችን አፍርተዋል። የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድም የሚነሣው ከእኛው ከቱሉ ዲምቱ ነው። እግረ መንገዱን ቢሾፍቱ ላይ አውቶቡስና የጭነት መኪና ሲገጣጥም የኖረ ኢንዱስትሪ ይገኛል። መሣሪያው፣ ሙያውና መንገዱ በአንድ መሥመር ላይ ተገጣጥመው ሳለ የጎደለው እነዚህን የሚያስተሣሥር አደረጃጀት ነው።

አደረጃጀት ስንል አዲስ ቢሮ ይከፈት፣ አዲስ ማኅተም ይቀረጽ ማለታችን አይደለም። የቢሮክራሲ ሰንሰለት ረዝሞ ጎርፉ ሲቀድም ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል። የምንጠይቀው ጥቂት ነገር ግን ቁርጥ ያለ ነው። ለጎርፍ ዕርዳታ የተመደቡት መኪናዎች ስንት እንደሆኑና የት እንደሚቆሙ ከግንቦት በፊት ይታወቅ። መኪናው የሠራዊቱ ከሆነ በየትኛው ትእዛዝ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ለዕርዳታ እንደሚለቀቅ አስቀድሞ በጽሑፍ ስምምነት ይደረግ፤ ውሃ ደጃፍ ከገባ በኋላ ደብዳቤ መጻጻፍ ይቅር። ለመኪናው የተመደበ ጎማ፣ ባትሪና ነዳጅ ለሌላ ሥራ እንዳይወሰድ በስሙ ይመዝገብ። የአንዱን ዕቃ ነቅሎ ለሌላው መግጠም ዛሬን ያሳልፋል፤ ነገ ግን ሁለቱንም ያቆማል። ለዕርዳታ የተሰናዳ መኪና ለዕርዳታ መዋሉም ይረጋገጥ፤ ሕዝብ ለነፍስ ማዳኛ ያሰናዳው ብረት ለሌላ ዓላማ ሲውል ዝም ብሎ የሚያይ ሕዝብ በሚቀጥለው ክረምት ራሱ ይጎዳል።

የሠፈር ማኅበራትና የዕድሮች ድርሻ ከማንም ያላነሰ ነው። የትኛው ድልድይ ቀድሞ እንደሚዋጥ፣ የትኛው መሻገሪያ መረሬ አፈሩ መኪና እንደሚይዝ፣ በየትኛው ቤት የታመመ፣ ያረጀ ወይም አራስ እንዳለ የሚያውቀው የሠፈሩ ሰው እንጂ ከሩቅ የሚመጣው ሾፌር አይደለም። እንግዲህ ማኅበራቱ በበጋው ወንዝ ወርደው የመሻገሪያዎችን ጥልቀት ይለኩ፤ በድልድይ ምሰሶዎች ላይ በሩቅ የሚነበብ የከፍታ ምልክት በቀለም ይሳሉ። ሌሊት የሚጠሩ ሰዎችን በተራ ይመድቡ። መኪናው ሲደርስ አብረው የሚወጡ መንገድ መሪዎችን ይምረጡ። ገመድ፣ የእጅ ባትሪና ጥሩንባ በዕድሩ ዕቃ ቤት ከድንኳኑና ከድስቱ ጎን ይቀመጥ። የሠራተኛ ማኅበራትም በየፋብሪካቸው ያሉ የሙያ ጓደኞቻቸውን አስተባብረው ለእነዚህ መኪናዎች የሚሆን መለዋወጫ በአገር ውስጥ ሊሠራ የሚችለውን ለይተው ያቅርቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚሆን ማንም አይስተውም።

ወታደራዊ መኪና የተሠራው ሰው ለሰው ጠላት በሚሆንበት ቀን ነው። በጎርፍ ቀን ግን ያው ካሶኒ እናትና ሕፃን፣ ዱቄትና ንጹሕ ውሃ ሊሸከም ይችላል። ይህን ለውጥ የሚያመጣው የመኪናው ብረት ሳይሆን ብረቱን ለምን ዓላማ እንደምናሰናዳው የምንሰጠው ውሳኔ ነው። የደረቀው ወቅት የዕረፍት ሳይሆን የዝግጅት ወቅት ነው። በጥር የተጠረገ ራዲያተር፣ በመጋቢት የተዘረጋ የአየር ቱቦ፣ በግንቦት የተፈተነ ሾፌር በነሐሴ ሌሊት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለሚጮኽ ወገን መልስ ነው። እንግዲያው ጋራዦቻችን ይከፈቱ፤ ዝርዝሩ ይውጣ፤ ቁልፉ ከሥራው ጋር ይገናኝ። ውሃው ቀጠሮ አክባሪ ነው፤ እኛም ቀድመነው እንገኝ!